«ኢ»ን በራሱ «አይ» ጊዜ ማባዛት

ማታ ነው። ሥራ ጨርሻለሁ፣ መተኛት ነበረብኝ፣ ግን ስፕሪንግ ላይ የታሰረ ኳስ ወዲያ ወዲህ ሲል የምታሳይ ትንሽ ሲሙሌሽን ልጻፍ ብዬ ላፕቶፕ ከፈትኩ፣ የሃያ ደቂቃ ሥራ መስሎኝ። ኮዱ እኮ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሁለት ቁጥር ይይዛል፣ ኳሱ ያለበትን ቦታና ፍጥነቱን፤ በየእርምጃው ቦታው ላይ በፍጥነቱ ልክ ትንሽ ትጨምራለህ፣ ከፍጥነቱ ላይ ደሞ በቦታው ልክ ትንሽ ትቀንሳለህ፣ በቃ ይሄው ነው። ቦታውን አግድም ፍጥነቱን ሽቅብ አድርገህ ስክሪን ላይ ነጥብ ብታስቀምጥ ነጥቧ ክብ እየሰራች መዞር አለባት፣ ምክንያቱም ሰበቃ የሌለበት ስፕሪንግ ጉልበቱ አይጨምርም አይቀንስም።

የኔዋ ነጥብ ግን ክብ አልሰራችም። አንዴ ዞራ ስትመለስ ከተነሳችበት ትንሽ ወጣ ብላ አረፈች። በሁለተኛው ዙር ይበልጥ ወጣች። አስረኛው ዙር ሳይደርስ ስክሪኑን ጥላ ሄዳለች። ለአንድ ዙር 100 እርምጃ ነበር የመደብኩላት፣ ቆይቼ ሳሰላው ክቡ በየዙሩ 22 ከመቶ ገደማ ይሰፋል፣ በአስር ዙር ከሰባት እጥፍ በላይ። ከምንም ተነስቶ ጉልበት የሚያመርት ስፕሪንግ ሰርቻለሁ ማለት ነው፣ ዓለም የሚፈልገውን ነገር።

መጀመሪያ ያደረግኩት ማንም የሚያደርገውን ነው፣ የምልክት ስህተት ፍለጋ። የለም። ታይፖም የለም። እርምጃውን አሳንሼ ለአንድ ዙር 1000 ሳደርገው መስፋቱ ወደ 2 ከመቶ ወረደ እንጂ አልጠፋም፣ ይሄ ደሞ ከትልቁ ስህተት ይልቅ ያናድዳል፣ ምክንያቱም ኮዱ ትክክል ነው ግን መልሱ ትክክል አይደለም ማለት ነው። ወረቀት አወጣሁ።

ወረቀቱ ላይ ቦታና ፍጥነትን ለየብቻ መጻፉ ሲሰለቸኝ ሁለቱን እንደ አንድ ኮምፕሌክስ ቁጥር ያዝኳቸው፣ ቦታው ሪል (ተራው) ክፍሉ፣ ፍጥነቱ ኢማጂነሪ ክፍሉ፣ ማለት በአይ የሚባዛው፤ አይ የ−1 ስኩዌር ሩት ነው። ሁለት መስመር የነበረው ኮድ አንድ ማባዛት ሆነና አረፈው፦ በየእርምጃው ነጥቧን በ(1 + አይ × ትንሽዬ ቁጥር) ታባዛታለህ። (በትክክል ከሄድን ፕላሱ ማይነስ ነው፣ ግን እሱ የሚቀይረው የዙረቱን አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ልተወው።) እዚህ ጋ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። 1 ላይ ትንሽ ነገር ደምሮ እሱን ደጋግሞ ማባዛት፣ ይሄን ነገር አውቀዋለሁ እኮ፣ ይሄ ነገር «ኢ» የሚባለው ቁጥር፣ 2.718 ምናምን፣ የተወለደበት ቦታ ነው።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አስተማሪያችን አንድ ቀን ቦርዱ ላይ ይሄን ጻፈ፣ ሲታ አንግል ናት፦

ኢ^(አይ × ሲታ) = ኮሳይን ሲታ + አይ × ሳይን ሲታ

ከዛ ሲታ ፋንታ ፓይ አስገባና ኢ^(አይ × ፓይ) = −1 ብሎ በሳጥን ከበበው፣ የሒሳብ ሁሉ ውብ ፎርሙላ ይሄ ነው አለን፣ ቀጣዩን ርዕስ ጀመረ። እጄን አውጥቼ «ግን ኢን በራሱ አይ ጊዜ ማባዛት ማለት ምን ማለት ነው?» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። እሱም ፈገግ ብሎ እንደ ዴፊኒሽን ውሰደው አለኝ። ወሰድኩት። ፈተናም ላይ መጣ፣ ሰራሁት፣ ማርኩንም አገኘሁ፣ ግን ነገሩ ጉሮሮዬ ላይ እንደተሰነቀረ ቀረ፣ እውነቱን ለመናገር ለዓመታት ውብ ነው ሲባል ዝም ብዬ ራሴን ስነቀንቅ ነበር።

ስሞቹን ደሞ በአማርኛ ጆሮ ስሟቸው እስቲ። «ኢ» ማለት ኢ-ሰብአዊ፣ ኢ-ፍትሐዊ ስንል ቃል ፊት የምትቆመዋ ኢ ናት፣ ሥራዋ የኋላዋን መካድ ነው። «አይ» ደሞ ያው አይ ነው፣ እምቢ። ኢ ፓወር አይ ለኛ ጆሮ ክህደት እምቢታን ተሸክሞ የቆመ ነው የሚመስለው፣ መልሱ ማይነስ ሆኖ ቢመጣ ምን ይገርማል። ይሄ ቀልድ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም፣ ግን ፎርሙላውን አንዴም እንዳልረሳው ያደረገኝ እሱ ነው።

የዛን ማታ የገባኝ ነገር ጥያቄዬ ራሱ ጠማማ እንደነበረ ነው። ፓወር ሲባል በልጅነታችን የተማርነው ራሱን ደጋግሞ ማባዛት ነው፣ 2 ፓወር 3 ማለት 2 ሦስቴ ተባዝቶ 8። ጥሩ። ግን 2 ፓወር ግማሽ ሲመጣ ምን አልን? ሁለትን ግማሽ ጊዜ ያባዛ ሰው የለም። ያደረግነው ሌላ ነገር ነው፣ ፓወሮች ሲደመሩ ቁጥሮቹ ይባዛሉ የሚለውን ሕግ ይዘን ግማሽና ግማሽ ተደምሮ አንድ ስለሚሆን ያ ነገር በራሱ ሲባዛ 2 የሚሰጥ መሆን አለበት፣ እንግዲያው ስኩዌር ሩት ነው አልን። ያኔውኑ ደጋግሞ ማባዛትን ትተነዋል። ማንም አልነገረንም እንጂ። አዲስ ትርጉም ይዘን ድሮ ስሙ እየጠራነው ቆየን፣ አይ የሚባለው ቁጥር ሲመጣ ግን ድሮ ትርጉሙ ትዝ አለንና ደነገጥን።

ታዲያ አዲሱ ትርጉም ምንድነው? ለዚህ ወደ ኢ ትውልድ መመለስ ያስፈልጋል። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) በ1683 ያኮብ በርኑሊ የሚባለው የስዊዙ ሒሳበኛ በወለድ ላይ ወለድ የሚባለውን ነገር ያስባል። ያለህ ገንዘብ 1 ነው እንበል፣ ወለዱ በዓመት መቶ ከመቶ። ዓመቱ መጨረሻ ላይ አንዴ ቢታሰብ 2 ይሆናል። ለሁለት ተከፍሎ በስድስት ወር በስድስት ወር ቢታሰብ 2.25። በየወሩ ቢሆን 2.613፣ በየቀኑ ቢሆን 2.7146። እየከፋፈልክ ብትሄድ ገንዘቡ ወደ ሰማይ አይወጣም፣ 2.71828 ምናምን ላይ ይቆማል። በየእርምጃው የምታደርገው ምንድነው፣ በ(1 + ትንሽዬ ቁጥር) ማባዛት። በእያንዳንዷ ቅጽበት ያለህ ነገር ራሱ የሚጨምርበትን ፍጥነት ይወስናል፣ ብዙ ካለህ ቶሎ ይጨምራል፣ ጥቂት ካለህ ቀስ ብሎ።

ኤክስፖነንሻል ማለት ለኔ ከዛን ቀን ወዲህ ይሄ ነው፦ ፍጥነቱ ካለበት ነገር ጋር በቋሚ ቁጥር የታሰረ ነገር። ቋሚ ቁጥሩ 2 ከሆነ ባለው እጥፍ ፍጥነት ያድጋል። −1 ከሆነ ባለው ልክ ይቀንሳል፣ ትኩስ ነገር እየቀዘቀዘ እንደሚሄደው። አሁን ጥያቄው ኢን አይ ጊዜ ማባዛት ምንድነው መሆኑ ቀረ። ጥያቄው ቋሚ ቁጥሩ አይ ቢሆንስ ነው፣ ይሄ ደሞ መልስ ያለው ጥያቄ ነው።

አይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት −1ን እዩት። በቁጥር መስመር ላይ አንድን ቁጥር በ−1 ማባዛት ማለት ወደ ዜሮው ማዶ ማዞር ነው፣ 180 ዲግሪ። ሁለቴ ሲደረግ 180 ዲግሪ የሚሰጥ ነገር ምንድነው? 90 ዲግሪ ማዞር። አለቀ፣ አይ ማለት 90 ዲግሪ ማዞር ነው፣ ሁለቴ አይ ማይነስ አንድ።

ይሄን ስጽፈው ሁለት አረፍተ ነገር ነው፣ ሰው ግን እዚህ ለመድረስ ከ200 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ጣሊያናዊው ሒሳበኛ ካርዳኖ በ1545 አስርን ለሁለት ከፍለህ ብዜታቸው 40 አድርግ የሚል ጥያቄ አንስቶ 5 ሲደመርና ሲቀነስ የ−15 ስኩዌር ሩት የሚል መልስ ጻፈና ረቂቅ ግን የማይጠቅም ነገር አድርጎ አለፈው። ሌላው ጣሊያናዊ ቦምቤሊ በ1572 ባሳተመው ሥራ ግን ሊሸሸው አልቻለም፣ ምክንያቱም ኤክስ ኪዩብ = 15 ኤክስ + 4 የሚለው ኢኩዌሽን መልሱ 4 እንደሆነ በዓይን ይታያል፣ 64 ማለት 60 እና 4 ነው፣ ፎርሙላው ግን ወደዛች 4 የሚወስድህ በ−121 ስኩዌር ሩት በኩል ነው። ቦምቤሊ እንደ እብድ ቆጥሩኝ ብሎ ይሁን እንጃ፣ 2 + የ−1 ስኩዌር ሩት ኪዩብ ሲደረግ 2 + የ−121 ስኩዌር ሩት እንደሚሰጥ አሳየ (ሞክሩት፣ 2 + 11 አይ ይመጣል)፣ ከዛ 2 + አይ እና 2 − አይ ሲደመሩ ኢማጂነሪው ተጣፍቶ 4 ቁጭ ይላል። እነዚህ ቁጥሮች መሻገሪያ መንገድ ሆኑ እንጂ ቤት የላቸውም ነበር። ቤት ያገኙት የኖርዌይ ተወላጁ የመሬት ቀያሽ ካስፓር ቬሰል በ1797 ለዴንማርክ አካዳሚ ባቀረበው ጽሑፍ ነው፣ ሰውዬው ቁጥሮቹን ሜዳ ላይ አስቀመጣቸው፣ ርዝመትና አቅጣጫ ያላቸው መስመሮች አደረጋቸው፤ ያየው ሰው ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1806 ደሞ አርጋን ለብቻው ደረሰበት፣ በ1831 ትልቁ ጋውስ ሲናገር ነው ዓለም የሰማው። የመሬት ቀያሽ መሆኑ ደስ ይለኛል፣ ቀኑን ሙሉ አንግልና ርዝመት ሲለካ የሚውል ሰው ነው ያየው።

አሁን ሁለቱን አገናኙ። ፍጥነቱ ካለበት ቦታ አይ እጥፍ የሆነ ነጥብ፣ ማለት ከመሃል እስከ ነጥቧ ያለውን መስመር 90 ዲግሪ አዙረህ ያገኘኸው አቅጣጫ ፍጥነቷ ነው። ክር ጫፍ ላይ ድንጋይ አስሮ ያሽከረከረ ልጅ ይሄን ያውቃል፣ ድንጋዩ በየቅጽበቱ የሚሄደው ከክሩ 90 ዲግሪ ወደ ጎን ነው፣ ወደ ውጪም ወደ ውስጥም አይደለም፣ ስለዚህ ክሩ አይረዝምም አያጥርም። ነጥቧ ከ1 ትነሳለች፣ ሁሌ ወደ ጎን ትሄዳለች፣ ክብ ላይ ትቀራለች። ማደግ የፈለገ ነገር ሁሉ ጉልበቱ ወደ ጎን ሲዞርበት የሚሆነው መዞር ብቻ ነው። ፍጥነቷ ደሞ ከክሩ ርዝመት እኩል ነው፣ 1 በሰከንድ፣ ስለዚህ በሲታ ሰከንድ ውስጥ የክቡን ጠርዝ ሲታ ያህል ትጓዛለች። አግድም ያለችበት ቦታ ኮሳይን ሲታ፣ ሽቅብ ያለችበት ሳይን ሲታ። ይሄው ፎርሙላው። በፓይ ሰከንድ ግማሽ ክብ ትጨርሳለች፣ ግማሽ ክብ ስትጨርስ የት ናት? ማይነስ አንድ ላይ። በሳጥን የተከበበው ነገር በሙሉ ይሄ ነው፣ ከ1 ተነስታ ግማሽ ክብ የሄደች ነጥብ ማዶ ደረሰች። ሬዲያን የሚባለውም አንግል መለኪያ ለምን በዲግሪ ፋንታ እንደሚጫንብን እዚህ ላይ ነው የገባኝ፣ በዲግሪ ብትለካ ፍጥነቱና ርዝመቱ እኩል መሆናቸው ይበላሻል።

ቃል ብቻ አይበቃም ካላችሁ በቁጥር እንሂድ፣ እኔም ያን ማታ ያደረግኩት እሱን ነው። የበርኑሊን ወለድ ያዙና ወለዱን መቶ ከመቶ በማድረግ ፋንታ አይ × ፓይ አድርጉት። አንዴ ብቻ ቢታሰብ 1 + 3.14 አይ ይመጣል፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሄደ ነገር፣ ከመልሱ ጋር አይተዋወቅም። ለአስር ተከፍሎ በ(1 + አይ × ፓይ ሲካፈል ለ10) አስር ጊዜ ቢባዛ −1.593 + 0.156 አይ። ወደ ማዶ ተሻገረ አይደል። ለመቶ ቢከፈል −1.0506 + 0.0011 አይ። ለሺህ ቢከፈል −1.0049፣ ኢማጂነሪው ክፍል ከመቶ ሺህ አንድ ገደማ። ወለድ እየተቀበለ ያለ ገንዘብ ነው ይሄ፣ በየቅጽበቱ ወለዱ የሚከፈለው ወደ ጎን ስለሆነ ባለቤቱ ሲባዝን ቆይቶ ዕዳ ውስጥ ራሱን አገኘው።

እነዚህን ቁጥሮች ሳይ ደሞ የጠፋችው ነጥቤ ተገኘች። −1.0506 ላይ ያለችው 0.0506 የኔ ባግ፣ የኮዴ ስህተት፣ ናት። ለምን ቢባል እያንዳንዷ እርምጃ ወደ ጎን ነው፣ ግን ቀጥ ያለ እርምጃ ነው፣ ክብ ላይ ቆመህ ወደ ጎን ቀጥ ብለህ አንድ እርምጃ ብትሄድ ከክቡ ትንሽ ወጣ ትላለህ፣ 90 ዲግሪ ማዕዘን ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ ረጅሙ ጎን ከክሩ ይረዝማላ። የሚቀጥለው እርምጃ ከወጣህበት ይነሳል፣ እንደገና ትወጣለህ። በርኑሊ እርምጃውን እስከ መጨረሻው አሳንሶ ነው ወደ ኢ የሚደርሰው፣ እኔ መቶ ላይ አቆምኩ። የሚያስቀው ነገር እንደዚህ እርምጃ በእርምጃ የመሄዱ ዘዴ ስሙ የኦይለር ሜተድ ነው። ቦርዱ ላይ የነበረው ፎርሙላም የዚሁ ሒሳበኛ የኦይለር ነው፣ ችግሩም ኦይለር መፍትሄውም ኦይለር።

ስለ ኦይለር አንድ ነገር ልበል። ፎርሙላውን በ1748 ባሳተመው መጽሐፍ ነው በዚህ መልኩ ያወጣው። ኢ የሚለውን ፊደል የሰጠው እሱ ራሱ ነው፣ አይን ግን ለ−1 ስኩዌር ሩት መጠቀም የጀመረው በ1777 ነው፣ ያኔ ዓይኑ ታውሯል ማለት ይቻላል፣ ግን እያስጻፈ ከድሮው አላነሰም። በ1748ቱ መጽሐፍ ውስጥ አይ የሚለው ፊደል ምን እንደነበረ ታውቃላችሁ? ወሰን የለሽ ትልቅ ቁጥር። ኢ ማለት እዛ ውስጥ (1 + 1 ሲካፈል ለአይ) ፓወር አይ ነው፣ አይ እጅግ እጅግ ትልቅ ሲሆን፣ የ−1 ስኩዌር ሩት ደሞ በሙሉ ምልክቱ ነው የሚጻፈው። ወደ ኮሳይንና ሳይን የደረሰውም በዚሁ መንገድ ነው፣ በትንሽዬ እርምጃ ወሰን የሌለው ጊዜ በማባዛት። እኔ ማታ በስህተት የሰራሁትን እሱ በትክክል ሰርቶታል፣ ልዩነታችን የኔ አይ 100 ነበረች።

ከሱ በፊት ግን አንድ ሰው አለ፣ ሮጀር ኮትስ፣ እንግሊዛዊ። በ1714 ይሄንኑ ነገር ከኋላ በኩል፣ በሎጋሪዝም፣ አውጥቶት ነበር፦ የ(ኮሳይን ሲታ + አይ × ሳይን ሲታ) ሎጋሪዝም አይ × ሲታ ነው የሚል ይዘት። ብዙ ሰው ልብ አላለውም። በ1716፣ በ33 ዓመቱ ሞተ። ኒውተን ስለ ኮትስ «ቢኖር ኖሮ አንድ ነገር እናውቅ ነበር» ብሏል ይባላል።

ብዙ ጊዜ ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ማስረጃ ሌላኛው ነው፣ የቴይለር ሲሪስ፣ ማለት ማለቂያ የሌለው ድምር። ኢ ፓወር ኤክስ 1 + ኤክስ + ኤክስ ካሬ ለ2 + ኤክስ ኪዩብ ለ6 እያለ ይቀጥላል፣ ኤክስ ፋንታ አይ × ሲታ ስታስገባ የአይ ፓወሮች 1፣ አይ፣ −1፣ −አይ እያሉ ስለሚዞሩ አንዱ ተራ ኮሳይን ሌላው ተራ ሳይን ሆኖ ይለያል። ትክክል ነው፣ እኔ ግን ይሄ ማስረጃ ያሳምናል እንጂ አያስረዳም ባይ ነኝ። ቢሆንም በካልኩሌተር አንዴ መሥራቱ ይጠቅማል። ፓይን አስገባና ኮሳይን ተራውን ብቻ ደምር፦ 1 ትላለህ፣ ከዛ −3.93፣ ከዛ 0.12፣ ከዛ −1.21፣ ከዛ −0.976፣ −1.0018፣ −0.9999። እየተንገዳገደ መጥቶ በሩ ላይ ቀጥ እንደሚል ሰካራም።

ከዚህ በኋላ ያለው ትርፍ ነው፣ ትርፉ ግን ብዙ ነው። የኮሳይን (ሀ + ለ) ፎርሙላ የትኛው ላይ ፕላስ የትኛው ላይ ማይነስ እንደሆነ ስንቴ እንደተምታታብኝ አላውቅም። አሁን አልሸመድደውም። ሀ ዲግሪ ማዞርና ለ ዲግሪ ማዞር ሀ + ለ ማዞር ነው፣ ስለዚህ (ኮሳይን ሀ + አይ ሳይን ሀ)ን በ(ኮሳይን ለ + አይ ሳይን ለ) አባዛ። ሪል ክፍሉ ኮሳይን ሀ ኮሳይን ለ ማይነስ ሳይን ሀ ሳይን ለ፣ ማይነሷ የመጣችው አይ በአይ ሲባዛ ነው። ኢማጂነሪው ክፍል ደሞ የሳይኑን በነጻ ሰጠህ። ሁለት ፎርሙላ በአንድ ማባዛት።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን (አንድን ነገር ከሚለወጥበት ፍጥነት ጋር የሚያገናኝ ኢኩዌሽን) ላይ ያጠፋሁት ጊዜ ነው። ሦስት ኬዝ አሉ ተባልን። ከሱ የሚወጣው የኤክስ ካሬ ኢኩዌሽን ሩቶች፣ ማለት መልሶቹ፣ የተለያዩ ሪል ከሆኑ ይሄን ፎርሙላ፣ እኩል ከሆኑ ያንን፣ ኮምፕሌክስ ከሆኑ ደሞ ሦስተኛውን ከኮሳይንና ሳይን ጋር። ሦስቱንም ሸመደድን። ለምን ሦስተኛው ላይ ድንገት ኮሳይን ብቅ እንዳለ አንድ ሰው በአንድ አረፍተ ነገር ሊነግረን ይችል ነበር። የሚርገበገብና እየከሰመ የሚሄድ ስፕሪንግ ወስደህ ኤክስ ካሬ + 2 ኤክስ + 5 = 0 ብታገኝ ሩቶቹ −1 ሲደመርና ሲቀነስ 2 አይ ናቸው። −1ዷ ክሩን ታሳጥራለች፣ 2 አይ ነጥቧን ታዞራለች። ኢ ፓወር (−1 + 2 አይ) ጊዜ ማለት እየተጠጋ የሚዞር ጠመዝማዛ ነው፣ ጥላውን አግድም ስታየው የሚርገበገብ ኳስ። አንደኛውና ሦስተኛው ኬዝ ያው አንድ ፎርሙላ ነው፣ አንዱ ቁጥር ወደ ጎን ስላዘነበለ ብቻ ሌላ ስም ሰጡት። (እኩል የሆኑበት ኬዝ እውነትም የራሱ ጣጣ አለው፣ እሱን ልለፈው።)

የኤሌክትሪክ ሰዎች ይሄን ቀድመው ነው የተጠቀሙበት። ቻርልስ ስታይንሜትዝ በ1893 ኤሲ ሰርኪት በኮምፕሌክስ ቁጥር እንዴት እንደሚሰላ አሳይቶ የሳይንና ኮሳይን ጫካውን ወደ ተራ ማባዛትና ማካፈል ቀየረላቸው፣ እየተወዛወዘ የሚሄደውን ከረንት እንደሚዞር ቀስት አድርገህ ስትይዘው ዴሪቬቲቭ ማድረግ (የለውጡን ፍጥነት ማውጣት) ማለት በአይ እና በሚዞርበት ፍጥነት ማባዛት ብቻ ይሆናላ። አይ የሚለው ፊደል ለከረንት ስለተያዘባቸው ጄ ነው የሚሉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፣ እኔ ራሴ ወድቄበታለሁ። ነጥቧ ሙሉ ዙር ስትዞር ወደ 1 ትመለሳለች፣ ስለዚህ ኢ^(2 × ፓይ × አይ) = 1 ነው። አሁን ሁለቱንም ጎን ፓወር አይ አድርግ። በቀኝ 1 ፓወር አይ፣ ያው 1 ነው። በግራ ፓወሮቹን ብታባዛ አይ በአይ −1 ሆኖ ኢ^(−2 × ፓይ) ይመጣል፣ ይሄ 0.00187 ገደማ ነው። 1 = 0.00187? የተበላሸው ፓወር የፓወር ሲሆን ይባዛል የምንለው የድሮው ሕግ ነው፣ እዚህ ሀገር ሁልጊዜ አይሠራም። ምክንያቱ ደሞ መዞሩ ነው፣ 1 ላይ የቆመች ነጥብ ዝም ብላ የቆመች ትሁን አንዴ ዞራ የመጣች ትሁን አስር ጊዜ፣ ቦታዋን አይተህ አታውቅም። ሎጋሪዝም ማለት ምን ያህል ዞረሽ ነው የመጣሽው ብሎ መጠየቅ ነውና መልሱ ብዙ ነው። ላይብኒዝና ዮሃን በርኑሊ፣ የያኮብ ወንድም፣ በ1712 እና 1713 የ−1 ሎጋሪዝም ስንት ነው እያሉ በደብዳቤ ተከራክረዋል፣ አንዱ ዜሮ ነው ሌላው የለም እያለ። ኦይለር በኋላ ገብቶ እያንዳንዱ ቁጥር ወሰን የሌለው ብዛት ያለው ሎጋሪዝም አለው፣ በ2 × ፓይ × አይ እየተራራቁ፣ ብሎ ገላገላቸው፣ ላይብኒዝ ግን ይሄን ለመስማት በሕይወት አልነበረም።

በዚሁ ሒሳብ አይ ፓወር አይም ይወጣል፣ እምቢ ፓወር እምቢ። አይ ማለት ሩብ ዙር ነው፣ ኢ^(አይ × ፓይ ለ2)፣ እሱን ፓወር አይ ስታደርገው አጭሩን መንገድ ከመረጥክ ኢ^(−ፓይ ለ2)፣ 0.2079 ገደማ። ሪል ቁጥር! ኢማጂነሪ ተብሎ በኢማጂነሪ ተነስቶ ከአንድ አምስተኛ ትንሽ ያለፈ ተራ ቁጥር ሆኖ ይመጣል።

ወደ ኮዱ ተመለስኩ። ሁለቱን መስመር አጥፍቼ በየእርምጃው ነጥቧን በ(ኮሳይን + አይ ሳይን) የምታባዛ አንድ መስመር ጻፍኩ፣ ቀጥ ያለውን እርምጃ በእውነተኛ መዞር ተካሁት። ነጥቧ ዞረች፣ ተነሳችበት ቦታ ላይ ቁጭ አለች። እንደገና። እንደገና። መቶ ዙር ጠበቅኳት፣ አልወጣችም። መተኛት ነበረብኝ ግን እጄ አላረፈም፣ ከአይዋ ጎን −0.05 ጨመርኩና ሰበቃ ያለበት ስፕሪንግ አደረግኳት፣ በየዙሩ ክቡ ወደ 73 ከመቶው እየወረደ ነጥቧ ወደ መሃል መጠምዘዝ ጀመረች። አስረኛው ዙር ላይ ከመሃል ያላትን ርቀት ስክሪኑ ላይ አስጻፍኩት። 0.0432። ቁጥሩን የሆነ ቦታ ያየሁት መሰለኝና ካልኩሌተሩን አነሳሁ። አስር ዙር 20 ፓይ ነው፣ በ−0.05 ሲባዛ −ፓይ፣ ኢ ፓወር −ፓይ። አይ ፓወር አይን በራሱ ብታባዛው የሚመጣው ቁጥር ነው።